ከአቦምሳ እስከ ጓንግዡ፦ ዕቃው ሳይገዛ ገንዘቡ የት ይጠፋል?

አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መርቲን ብዙው አዲስ አበቤ የሚያውቃት በቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ በተጻፈው ስሟ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ በሚለማበት አገር ደግሞ ከሽንኩርቱ ጎን ሌላ ገበያ አብሮ ይቆማል። የውኃ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ የመድኃኒት መርጫ፣ መለዋወጫ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ፓምፕ ተፈላጊ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ በመርካቶና በአዳማ በኩል አቦምሳ እስኪደርስ አስመጪውም፣ ጅምላ ሻጩም፣ ደላላውም የየድርሻቸውን አንስተውበታል።

በመሆኑም «ለምን ራሴ ሄጄ አላመጣም?» የሚል ነጋዴ መኖሩ አይገርምም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከከፈተ ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ፉክክሩ ከመርካቶ ጋር ብቻ አይደለምና። ሁለት ሦስት ነጋዴዎች ዕቁባቸውን አስወጥተው፣ አንዱን መርጠው ወደ ጓንግዡ ወይም ወደ ዱባይ ቢልኩ በስሌት ያዋጣል። ስሌቱ ግን ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ፣ የመርከቡን ኪራይና ቀረጡን እንጂ ሰውየው እዚያ አገር እንዴት ውሎ እንደሚያድር አይጨምርም። ዕቃው ሳይገዛ ገንዘብና ቀን የሚባክነው ግን እዚህ ላይ ነው። የንግድ ፈቃዱና የጉምሩኩ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ በመሆኑ እዚህ አይነሣም።

ቀኑና ሰዓቱ

የመጀመሪያው ኪሣራ ከቦሌ ሳይወጡ ሊደርስ ይችላል። አንድ ነጋዴ ትኬቱ ላይ የመነሻው ቀን ሜይ 12፣ ሰዓቱ 00፡30 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ቀኑ በእኛ ግንቦት 4 ነው። ሰዓቱም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ነጋዴው ግንቦት 4 ጠዋት ከአቦምሳ ተነሥቶ፣ አዳማ ምሳውን በልቶ፣ ማታ ቦሌ ቢደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ያ ሌሊት ገና የግንቦት 3 ማታ ነው። ስለዚህ ቦሌ መገኘት የነበረበት ግንቦት 3 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። የትኬት ቢሮ ሠራተኛ «የየትኛው ቀን ማታ ልምጣ?» ተብሎ ቢጠየቅ አይቆጣም።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ መልእክት የላከ ሰው ጠዋት 3 ሰዓትን አስቦ ከሆነ፣ የቻይናው ሻጭ ከሰዓት በኋላ ይጠብቀዋል። በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የሚባለው በእነሱ 9 ሰዓት ነውና። ቻይና ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች፣ ዱባይ በ1 ሰዓት። ይህ ልዩነት ከእንቅልፍ ማጣት ያለፈ ጣጣ አለው። በአዳማ ባንክ ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት ጓንግዡ ከቀትር በኋላ ሆኗል። የጓንግዡ ቢሮ ማታ ሲዘጋ ደግሞ በአዳማ ገና 6 ሰዓት ቀን ነው። በባንኩና በፋብሪካው መካከል አንድ ነገር ቢጓደል ሁለቱም ወገን በሥራ ላይ የሚገናኙት በእኛ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ዓርብ ከምሳ በኋላ የተላከ ገንዘብ የሚጠየቅለት ሰው ሰኞ ነው፤ የሆቴሉ ሒሳብ ግን ቅዳሜም እሑድም ይቆጥራል።

ከሁሉ የከፋው የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው። በአገራችን ወረቀት ላይ 15/02/2018 ብሎ የተጻፈ ቀን በእነሱ ኦክቶበር 25፣ 2025 ነው። ቻይናዊው ሲያነበው ግን ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበት የፌብሩዋሪ ወረቀት ይመስለዋል፤ ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ የያዘ ሰው አድርጎም ይገምተዋል። ስለዚህ የሚተረጎም ሰነድ ሁሉ ሁለቱንም ቀን ይያዝ። ቻይናዎች ራሳቸው ዓመቱን አስቀድመው፣ ወሩን አስከትለው፣ ቀኑን መጨረሻ ይጽፋሉ። በውል ላይ የወሩን ስም በፊደል ማስጻፍ ክርክርን ያስቀራል።

የቻይና ቪዛም ብዙዎችን ያሳስታል። በላዩ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል። አንዱ እስከ መቼ ድረስ መግባት እንደሚቻል ነው። ሌላው ከገቡ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል ነው። የመጀመሪያውን ቀን እንደ መቆያ ቀን ቆጥሮ የተዘናጋ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት በቀን 500 ዩዋን ነው፤ እስከ 10 ሺህ ዩዋን ይደርሳል። ሕጉ ከ5 እስከ 15 ቀን ማሰርንም ይፈቅዳል።

ስምና ወረቀት

ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም። የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል። የውጭው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አያልፍም። ቻይናዊው በበኩሉ የቤተሰብ ስሙን ያስቀድማልና ከፊት ያለውን የራስ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊወስደው ይችላል። ሆቴሉ በአያት ስም፣ የስልክ መሥመሩ በራስ ስም፣ የጭነቱ ሰነድ በአባት ስም ከተመዘገበ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚህ ላይ እንደ መሐመድ ያለ በአርሲ በየቤቱ የሚገኝ ስም በላቲን ፊደል በአራትም በአምስትም ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የባንኩ፣ የንግድ ፈቃዱና የጭነት ሰነዱ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ካልሆነ ዕቃው ከደረሰ በኋላም ጣጣው አይለቅም። ከጉዞው በፊት ግማሽ ቀን ሰጥቶ ይህን ማስተካከል ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሆቴል ትቶ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ቤት ማረፍ በእኛ ዘንድ ነውር የለውም። በቻይና ግን ሕግ አለው። በ2005 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የመግቢያና መውጫ ሕግ ከሆቴል ውጭ ያረፈ የውጭ አገር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገብ ያዛል። ሆቴል ያረፈውን ሆቴሉ ራሱ ያስመዘግባል። ግለሰብ ቤት ያረፈው ግን ከአከራዩ ወይም ከአስተናጋጁ ጋር መሄድ አለበት። ያልተመዘገበ ሰው ማስጠንቀቂያ ወይም እስከ 2 ሺህ ዩዋን መቀጮ ይደርስበታል። ፓስፖርትንም ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ መውጣት አይቻልም። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውጭ አገር ሰው ፖሊስ ሲጠይቀው ማሳየት አለበት።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሕግ አይደለም። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት የጓንግዡ ሠፈር ሺያኦቤይ ይባላል፤ የፓስፖርት ፍተሻም ለዚያ ሠፈር እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በከተማዋ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ተባርረው ሜዳ ላይ ማደራቸው ዓለምን አነጋግሯል። የአፍሪካ አምባሳደሮችም በአንድነት ተቃውሞ አሰምተዋል። በዚያ ጊዜ ወረቀቱ የተሟላለትም ቢሆን ከመጉላላት አልዳነም፤ ያልተሟላለት ግን የሚከራከርበት ነገር እንኳ አልነበረውም።

ሌላው የመጀመሪያው ቀን ሥራ የሆቴሉን ካርድ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። የታክሲው ሾፌር የላቲን ፊደል ላያነብ ይችላል። አድራሻው በቻይንኛ ፊደል የተጻፈበት ካርድ ከአስተርጓሚ ይበልጣል። የማታ መመለሻም እርሱ ነው።

ኪስና ስልክ

የቻይና ትልቁ የገንዘብ ኖት 100 ዩዋን ነው። ከጉሊት እስከ ታክሲ ግን ሰው የሚከፍለው በስልክ ነው፣ አሊፔይ እና ዊቻት በሚባሉት። እኛም አገር በቴሌብር መክፈል ስለተለመደ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ቴሌብር ግን እዚያ አይሠራም። ሁለቱ ድርጅቶች ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ማያያዝን በሰፊው ስለፈቀዱ፣ ከአገር ቤት ባንክ ዓለም አቀፍ ካርድ ያወጣ ነጋዴ በዚያው መክፈል ይችላል። ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ሲያስከፍሉ ቆይተዋልና ይህንንም በሒሳብ ማስገባት ይገባል። ለካርዱም ሆነ ለጥሬው ዶላር ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይጠይቃል። ምን ያህል እንደሚሸጥ የሚወስነው መመሪያ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከጉዞው በፊት ባንኩን ሄዶ መጠየቅ ነው።

ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት በቻይና ማዕከላዊ ባንክ የተከለከለ ነው። መልስ ማጣት ግን አልተከለከለም! ስለዚህ ዝርዝር ኖት መያዝ ይበጃል። ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የገባ ሰው ጉምሩክ ላይ ማስታወቅ አለበት። ሳያስታውቅ ገብቶ ሲወጣ የተያዘ ሰው «የእኔው ገንዘብ ነው» ቢል የሚያሳየው ማስረጃ አይኖረውም።

ስልኩን በተመለከተ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው ከቤተሰቡ ይቆረጣል። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጉግል በቻይና መረብ ላይ ዝግ ናቸው። ዊቻትን ከአገር ቤት ሳይወጡ መክፈት፣ ሚስትም የሱቁ ልጅም እንዲከፍቱ ማድረግ ይሻላል። የአገር ቤቱን መሥመር በሮሚንግ ማስቀጠልም ሌላ መንገድ ነው፤ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል።

ገበያው ውስጥ

አፍ ባይግባባ የሒሳብ ማሽን ያግባባል። ሻጩ ቁጥር ይመታል፣ ገዢው ይሰርዝና የራሱን ይመታል። ማሽን በሌለበት በጣት ይቆጠራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግመል ገበያ ደላላና ሻጭ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋ እንደሚነጋገሩ የሚያውቅ ሰው ይህን አይፈራውም። ቻይናዎች ከ1 እስከ 10 በአንድ እጅ ይጨርሳሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ተዘርግተው ሲታዩ 6 ማለት ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጉ 8 ነው፤ እኛ ሁለት ነው ብለን የምናስበውን ማለት ነው። በ8 ዩዋንና በ2 ዩዋን መካከል ያለው ልዩነት በሺህ ፍሬ ሲባዛ ቀላል አይደለም።

የሚዛኑ ነገርም ያሳስታል። በቻይና ተራ ገበያ ዋጋ የሚጠራው በኪሎ ሳይሆን በጂን ነው። አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። በኩንታልና በፈረሱላ የለመደ ነጋዴ «ርካሽ ነው» ብሎ የደነቀው ፍራፍሬ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ያገኘዋል። ትልቅ ቁጥር ሲጠሩም በሺህ ሳይሆን በዋን ይቆጥራሉ፤ አንድ ዋን 10 ሺህ ነው። ግዕዝ እልፍ ብሎ ለዚሁ ቁጥር የራሱን ምልክት ሰጥቶት ነበር። እኛ ስለተውነው እንጂ ከቻይናው ጋር ያግባባን ነበር። ሻጩ «ሦስት ዋን» ቢል 30 ሺህ ማለቱ ነው።

ስለ ደላላው ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ የዚህ ገጽ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። በጓንግዡም ያገር ልጅ አለ። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁ» ብሎ ከአየር ማረፊያ ይቀበላል፣ ያስተረጉማል፣ ፋብሪካ ያሳያል። ብዙዎቹ በቅንነት ይሠራሉ፤ ያለ እነርሱም የመጀመሪያው ጉዞ አይገፋም። ጥያቄው ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። ከሻጩም ከገዢውም የሚወስድ ከሆነ ዋጋውን ወደ ታች የሚጎትትበት ምክንያት የለውም። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተነጋግሮ በጽሑፍ ማስፈር ነውር አይደለም። የተለመደው ቀብድ 30 በመቶ ሲሆን ቀሪው ዕቃው ታይቶ ከመጫኑ በፊት ይከፈላል። በድርጅቱ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ፈንታ በግለሰብ ስም ያለ ሒሳብ የሚሰጥ ሻጭ ሲያጋጥም ከዚያ ላይ ማቆም ነው። ከተስማሙበት ናሙና ሁለቱ ተፈርሞባቸው አንዱ ከገዢው ጋር ይቀመጥ፤ የፓምፑ ክብደት ብቻ ሳይሆን የውስጡ ሽቦ መዳብ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሻንጣ

ከዚህ በላይ የተነሡት ሁሉ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ይህኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ጫት በአገራችን የግብር ምንጭ ነው፣ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ነው። ቻይና ግን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአደንዛዥ ዕፅ መዝገብ ውስጥ አስገብታዋለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም፣ ሳዑዲ ዓረቢያም ይከለክሉታል። ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል ቢታሸግም ያው ጫት ነው። «ለራሴ ነው፣ ትንሽ ነው» የሚለው ክርክር እዚያ ፍርድ ቤት ሚዛን አይደፋም።

የሰው ዕቃ መያዝም እንደዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ጓንግዡ ስትደርስ በሻምፑ ጠርሙሶች ውስጥ ኮኬይን ተገኘባት ተብላ ታስራ ጉዳዩ አገር ሁሉ ተወያይቶበታል። ቤተሰቦቿ ጠርሙሶቹን አድርሺልኝ ብላ የሰጠቻት ጓደኛዋ እንደሆነች ተናግረው ነበር። የቻይና ሕግ ለአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት አለው። በእኛ ባሕል «ይህችን ለእህቴ አድርስልኝ» ያለን ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው። ሆኖም የታሸገ ነገር በፊቱ ተከፍቶ ካልታየ፣ ዱቄትም ሆነ ፈሳሽ ከሆነ፣ ጎረቤትም ዘመድም ቢቀየም ይቀየም። በአየር ማረፊያው ሻንጣው የማን ነው ሲባል መልስ የሚሰጠው ተሸካሚው ብቻ ነው።

ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ ትኩስ ፍራፍሬና ዘር ወደ ቻይና ማስገባት አይፈቀድም፤ ይወረሳሉ። ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ለሙስሊሙ መንገደኛ በጓንግዡ የሥጋ ችግር የለም። የላንዡ ኑድል የሚሸጡት የሁዊ ሙስሊሞች ምግብ ቤቶች በየመንገዱ አሉ። የሚቸገረው ጿሚው ነው። አትክልት ብቻ ነው ተብሎ የቀረበለት ሳህን በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላልና «ሥጋ የለውም፣ ስብም የለውም» የሚል በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መዞር ይሻላል።

ዱባይ ቀላል ይመስላል

ከጓንግዡ ይልቅ ዱባይን የሚመርጥ ብዙ ነው። ዲርሃሙ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.6725 ሆኖ ስለታሰረ ሒሳቡ አያወላውልም፤ በዴይራ ገበያ አማርኛ የሚሰማ ጆሮም አይጠፋም። የሚያሳስተው መላመዱ ነው። የቀድሞዎቹ ነጋዴዎች «ዓርብ ዝግ ነው፣ እሑድ ሥራ ነው» ብለው የሚመክሩት ምክር ዛሬ አይሠራም። ኤምሬቶች ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ቢሮዎችን ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውረዋል፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራል። በሜትሮ ውስጥ መብላትና ማስቲካ ማኘክ ያስቀጣል፤ በሴቶች ፉርጎ ውስጥ የተገኘ ወንድም ይቀጣል። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚያዝ ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት መድኃኒት አስቀድሞ ካልተፈቀደ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሊያስከስስ ይችላል። የሐኪም ማዘዣ ብቻውን አይበቃም።

መቼ መሄድ?

የካንቶን የንግድ ትርዒት በጓንግዡ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። የጸደዩ ኤፕሪል 15፣ የመከሩ ኦክቶበር 15 ይከፈታል፤ በእኛ አብዛኛውን ዓመት ሚያዝያ 7 እና ጥቅምት 5 ማለት ነው። ትርዒቱ በሦስት ዙር ይከፈላል፤ ማሽነሪና ኤሌክትሮኒክስ በመጀመሪያው፣ የቤት ዕቃ በሁለተኛው፣ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ በሦስተኛው ናቸው። እያንዳንዱ ዙር አምስት ቀን ብቻ ነው። ፓምፕ ፈልጎ ከአቦምሳ የተነሣ ነጋዴ ጥቅምት 15 ቢደርስ የሚያገኘው ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ከትርዒቱ ውጭ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከቻይናዎች አዲስ ዓመት ይራቅ። በዓሉ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ ይውላል፤ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። የፋብሪካ ሠራተኛው ቀደም ብሎ ወደ ገጠሩ ይሄዳል፣ ብዙ ፋብሪካም ለሳምንታት ይዘጋል። ከበዓሉ በፊት ተቻኩሎ ቀብድ የከፈለ ሰው ዕቃው ከበዓሉ በኋላ መሠራት ሲጀምር፣ የመጫኛው ወረፋ ሲጨመርበት፣ በአዋሽ ዳር የመስኖው ወቅት እያለፈበት ይሄዳል። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው የብሔራዊ በዓል ሳምንትም ዝግ ነው። ይህ ከመስከረም 21 አንሥቶ ይቆጠራል።